እየበላሁ የከሳሁበት ምክንያት፦ ከታይሮይድ መብዛት ጋር ያሳለፍኩት

አዳማ ውስጥ ላብ በሽታ አይባልም። መጋቢት ሲገባ ሁሉም ያልበዋል። ማታ ሁሉም በሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ስለዚህ እኔም ሲያልበኝ የገረመው ሰው አልነበረም። ነገሩ የታየው ክረምት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ጋቢ ሲደርብ እኔ ብርድ ልብሱን ገፍፌ መስኮት እከፍት ነበር። ባለቤቴ «አንቺ ሴትዮ ምን ሆነሻል?» ያለኝ ያኔ ነው።

ይህን የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ግን የታይሮይድ መብዛት፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ከልክ በላይ መሥራቱ፣ ምልክቶቹን በታትኖ ስለሚያመጣ ብዙ ሰው እያንዳንዱን ለብቻው ሲያክም ይኖራል። ላቡን ለሙቀቱ ይሰጠዋል። የልብ ምቱን ለጭንቀት ይሰጠዋል። ተቅማጡን ለምግቡ ይሰጠዋል። አንድ ላይ ደምሮ የሚያይለት ያጣል። እኔን የጎዳኝ ይኸው ነው፤ ሌላው ሰው በእኔ መንገድ እንዳያልፍ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ እጄ ነው የከዳኝ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ሥራ ነበር። አንድ ቀን ክሩን በምራቄ አርሼ፣ ጫፉን አሹዬ ወደ ቀዳዳው ሳስጠጋው ጫፉ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ያልፋል። እጄ በጣም አይንቀጠቀጥም፤ ከሩቅ አይታይም። ግን ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይታያል። በመጨረሻ ክር የምታስገባልኝ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሆነች።

ከዚያ ረሃብ መጣ። ጠዋት ፍርፍር በልቼ አራት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ይርበኛል። እበላለሁ፣ ግን እከሳለሁ። የራሴን ቀሚስ ጎኑን ደጋግሜ አጠበብኩት። ሌሊት በግራ ጎኔ ስተኛ የልቤ ምት ከትራሱ ውስጥ ይሰማኛል። እንቅልፍ የለም። በቀን ደግሞ በትንሽ ነገር እንባዬ ይመጣል፣ ወይም ልጄ ላይ እጮሃለሁ። ቡና ጠጥቼ ከበርጩማ ስነሳ ጭኔ አልታዘዝ ይለኛል፤ በእጄ መሬት ተደግፌ ነው የምነሳው። የወር አበባዬም ቀነሰ፣ ቀኑም ተዛባ።

ሰው ሲከሳ ሰፈር ዝም አይልም። አንዷ ስኳር ነው አለች። ሌላዋ ስሙን ሳትጠራ «ያ ነገር እንዳይሆን ተመርመሪ» አለችኝ። ተመረመርኩ፤ ሁለቱም የሉብኝም። አንዲት እናቴ የምትሆን ጎረቤቴ ደግሞ «ልጄ፣ ሶደሬ ውረጂና በፍል ውኃው ታጠቢ» ብለው መከሩኝ። ከልባቸው ነው። ግን ሰውነቱ ከውስጥ ለሚነድ ሰው ፍል ውኃ የሚያደክም እንጂ የሚያድን አይደለም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወስዶ ታይፎይድ ነው አለኝ። መድኃኒቱን ጨርሼ ስመለስ ጨጓራ ሆነ። ቀጥሎ ጭንቀት ነው ተባልኩ። በዚህ መሀል ወራት አለፉ። እነዚህ በሽታዎች አገራችን ውስጥ ብዙ ስለሆኑ መጠርጠራቸው አይገርመኝም። የሚያሳዝነኝ ክብደቴን የለካ፣ የልብ ምቴን የቆጠረ፣ አንገቴን የነካ አለመኖሩ ነው። ሦስቱም መሣሪያ አይፈልጉም ማለት ይቻላል።

ነገሩን ያገኘችው አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። የመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ነበርኩ፤ ወረፋው ረጅም ነበር። ገና ስገባ ዓይኔን አየችኝ። «እህቴ፣ ዓይንሽ ድሮም እንዲህ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ወደ ፊት እንድዘረጋ፣ ጣቶቼን እንድበትን ነገረችኝ። ከጠረጴዛዋ አንድ ነጭ ወረቀት አነሳችና ጣቶቼ ላይ አሳረፈችው። የወረቀቱ ጠርዝ ሲርገበገብ ሁለታችንም አየነው። ከኋላዬ ቆማ አንገቴን እየዳሰሰች ውኃ አስዋጠችኝ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን አድርጋ ልቤን ሳይሆን አንገቴን አዳመጠች። ዕጢው በጣም ሲሠራ ደም በብዛት ስለሚያልፍበት ድምፅ ይኖረዋል አለችኝ። ቁጭ ብዬ የልብ ምቴ በደቂቃ ከ120 በላይ ነበር። ያረፈ አዋቂ ሰው ከ60 እስከ 100 ነው የሚመታው።

ያዘዘችው የደም ምርመራ ቲኤስኤች እና ፍሪ ቲ4 ይባላል። እነዚህን ስሞች ያዙልኝ። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ትእዛዙ ይጨምራል፤ ሲበዛ ይቀንሳል። በአብዛኛው ላቦራቶሪ ጤነኛው መጠን ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። የእኔ ከ0.01 በታች ነበር። ታይሮይድ የሚሠራው ሆርሞን፣ ፍሪ ቲ4፣ ደግሞ ከልኩ እጅግ አልፎ ነበር። ማለትም አንጎሌ «በቃ፣ አቁም» ብሎ ትእዛዙን ዘግቶታል፤ ዕጢው ግን አልሰማ ብሏል።

ለምን አልሰማም? የእኔ ዓይነቱ ግሬቭስ ይባላል። በ1835 በሽታውን በጽሑፍ በገለጸው አየርላንዳዊ ሐኪም በሮበርት ግሬቭስ ነው የሚጠራው። የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ አንድ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ያ አካል ከአንጎል የመጣ ትእዛዝ መስሎ ዕጢው ላይ ይቀመጥና ሥራ ሥራ ይለዋል። ለእኔ የገባኝ በራሴ ሥራ ነው። ፔዳሉ ተረግጦ የተቸከለ የስፌት መኪና ማለት ነው፤ እግርህን ብታነሳም መርፌው አይቆምም። የልብ ምቱ፣ ላቡ፣ ረሃቡ፣ ተቅማጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ በብዙ እጥፍ ይይዛል። ሆርሞን የሚበዛው በግሬቭስ ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት የቆየ እባጭ ያለው እንቅርትም በራሱ ጊዜ ከልክ በላይ መሥራት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ «እንቅርቴ የቆየ ነው፣ አያመኝም» የምትሉ ሰዎች መክሳትና የልብ ምት መፍጠን ከመጣባችሁ አትዘግዩ።

እዚህ ላይ ስለ ጨው ልናገር። እንቅርት ሲባል ሰው ሁሉ የአዮዲን እጥረት ነው የሚለው። እውነትም በአገራችን ብዙው እንቅርት ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ለዚህም ነው በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ የወጣው። ታዲያ የእኔን አንገት ያየ ሁሉ «ጨው አብዢ» ይለኝ ነበር። አንዷ ወዳጄ ከውጭ የመጣ የአዮዲን እንክብል ይዛልኝ መጣች። ሐኪሟ ግን አጥብቃ ከለከለችኝ። አዮዲን ዕጢው ሆርሞን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። በወጥ ውስጥ ያለው ተራ ጨው ችግር የለውም፤ ተጨማሪ እንክብልና ሽሮፕ ግን ለበዛ ታይሮይድ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠውም መድኃኒት ብዙ አዮዲን አለው። ምርመራው ከታዘዘላችሁ ታይሮይድ እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሁለት መድኃኒት ተሰጠኝ። ሥራቸው ስለሚለያይ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ፕሮፕራኖሎል ነው። ልብን ያረጋጋል፣ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰው ሆንኩ። ግን ዕጢው ሆርሞን መሥራቱን አያስቆምም። አስም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት መናገር አለበት፤ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ሌላው ዋናው ነው፤ ዕጢው አዲስ ሆርሞን እንዳይሠራ የሚያደርግ። ለእኔ የተገኘው ፒቲዩ የሚባለው ነበር። ሜቲማዞል የሚባልም አለ፤ በአብዛኛው በቀን አንዴ ስለሚወሰድና በጉበት ላይ ያለው ጉዳት ስለሚያንስ ብዙ ጊዜ እሱ ይመረጣል። በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ግን ለፅንሱ ሲባል ፒቲዩ ይመረጣል። መጠኑን አልጽፍም። የእናንተ ከእኔ ይለያል።

ዋናው መድኃኒት ወዲያው አይሠራም። ዕጢው ቀድሞ የሠራውን አከማችቶ ስለሚያስቀምጥ ያ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጃል። «እየዋጥኩ ለውጥ የለኝም» ብሎ መተው የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ሆርሞኑ ተስተካክሎም ቲኤስኤች ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ውጤቱን ራሳችሁ አንብባችሁ አትደንግጡ።

አሁን የምለውን በተለይ ልብ በሉልኝ። ሐኪሟ የቀጠሮ ካርዴ ጀርባ ላይ በትልልቁ «ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ መድኃኒቱን አቁመሽ በዚያው ቀን የደም ምርመራ» ብላ ጻፈችልኝ። ፒቲዩም ሜቲማዞልም አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ድራሹን ያጠፋሉ። ከ1,000 ሰው ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ የሚደርስ ነው፤ በብዛት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት። ጥቂት ቢሆንም ሲደርስ ይገድላል፤ ሰውነት ያለ መከላከያ ይቀራልና።

እኔ ላይ ጥቅምት ላይ ትኩሳት መጣ። ጉሮሮዬ ምራቅ አላስውጥ አለኝ። ሠፈራችን ያለው ፋርማሲ ሄድኩ። ልጁ ጉሮሮዬን እንኳ ሳያይ «ቶንሲል ነው፣ አሞክሲሲሊን ልስጥሽ» አለኝ። ካርዴን ገልብጬ አሳየሁት። አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ መድኃኒቱን ወደ መደርደሪያው መልሶ «እህቴ፣ አሁኑኑ ሂጂ፤ ሲቢሲ፣ የደም ሴል ቆጠራ፣ ይሥሩልሽ» አለኝ። ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ነጭ የደም ሴሌ ደህና ነበር፤ እውነትም ቶንሲል ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቴን እንድቀጥል ተነገረኝ። ልጁን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ሌሎቻችሁም ይህን በካርዳችሁ ላይ ጻፉት፤ ለቤተሰብም ንገሩ። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ በቀኝ ጎን ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመምም እንዲሁ ለጉበት ምልክት ስለሆነ አይታለፍም።

ፒቲዩን በቀን ሦስት ጊዜ ነበር የምወስደው። ዐቢይ ጾም ሲመጣ ተጨነቅሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ልማዴ ነበር። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የታመመ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል። ውሰጂ፤ በጸሎት በርቺ» አሉኝ። ረመዳን የምትጾሙም ከመጀመሩ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ በቀን አንዴ የሚወሰደው መድኃኒት ሊመቻችሁ ይችላል። በራስ ሰዓት ማዛነፍ ግን አደጋ አለው።

አደጋውን ያየሁት ተኝቼ በታከምኩበት ክፍል ነው። ከሞጆ በኩል የመጣች ሴት ነበረች። ተሽሏት ነበር፤ ክብደቷ ተመልሶ ነበር። ድኛለሁ ብላ መድኃኒቱን ተወች። ከዚያ የሳንባ ምች ያዛት። ቤተሰቦቿ ሲያመጧት ሰውነቷ ይፋጃል፣ ታስመልሳለች፣ የገዛ እህቷን አታውቃትም። ልቧ አይቆጠርም። ነርሶቹ ከአልጋዋ አልጠፉም። የታይሮይድ ማዕበል ይሉታል፤ በሽታው ሳይታከም ወይም መድኃኒት ተቋርጦ ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ጥገና ወይም ወሊድ ሲጨመርበት ይመጣል። ታክሞም የሚሞት አለ። እሷ በፈጣሪ ቸርነትና በእነዚያ ነርሶች ድካም ተረፈች። ከታይሮይድ ሕመምተኛ ላይ ከፍተኛ ትኩሳትና መቀባዠር ካያችሁ ቤት ውስጥ ፎጣ በማራስ ጊዜ አታጥፉ።

ቀስ ብሎ የሚመጣም ጉዳት አለ። ልብ ለረጅም ጊዜ ሲሮጥ ምቱ ሥርዓቱን ያጣል፤ አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግይቶ ይመታል። እንዲህ ሲሆን በልብ ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ አንዳንዴ ሌላው ምልክት ሳይኖር ይህ ብቻ ይታያል። እናት አባታችሁ ያለ ምክንያት ከከሱና ልባቸው ከተዛባ ታይሮይዳቸውን አስመርምሩ። አጥንትም ይሳሳል። ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ሳይታከም ከቀረ ውርጃ፣ ያለ ጊዜው መውለድና የደም ግፊት ያመጣል። ልጅ ለመውለድ የምታስቡ አስቀድማችሁ ለሐኪም ተናገሩ።

የእኔ ከሁሉ የከበደኝ ግሬቭስ ያፈጠጠው ዓይኔ ነው። አሸዋ የገባበት ይመስላል። የአዳማ ንፋስና አቧራ ሲጨመርበት ሲያለቅስ ይውላል። ፎቶ መነሳት ተውኩ። «ምነው አፈጠጥሽብኝ?» የሚል ደንበኛ አለ። የረዳኝን ልንገራችሁ፦ ሰው ሠራሽ እንባ፣ ስወጣ ጥቁር መነጽር፣ ስተኛ ትራስ ከፍ ማድረግ። ሲጋራ ይህን የዓይን ሕመም በግልጽ ያባብሰዋል፤ የምታጨሱ ካላችሁ ማቆም እንደ አንድ መድኃኒት ይቆጠራል። አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ ቀለም መደብዘዝ ወይም የዓይን ሕመም ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። የዓይን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ከዓመት በላይ መድኃኒት ወሰድኩ። የተለመደው ከ12 እስከ 18 ወር ነው። ሐኪሜ ስታቆመኝ አስቀድማ ነግራኛለች፤ ግሬቭስ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ይመለሳል። እኔም ላይ ተመለሰ። እጄ ነው ቀድሞ የነገረኝ፤ ክሩ እንደገና ቀዳዳውን ስቶ አለፈ።

ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ። አንዱ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ነው፤ የሚዋጥ ነው፣ ዕጢው ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ያደክመዋል። እርጉዝና የምታጠባ ሴት አትወስደውም፤ ከወሰዱ በኋላም ቢያንስ ለ6 ወር እርግዝና አይታሰብም። የዓይን ሕመምን ሊያባብስ ስለሚችል ለእኔ አልተመረጠም። ሌላው ቀዶ ጥገና ነው። ፈራሁ፤ አንገት ነውና። ግን እንቅርቴም ትልቅ ስለነበር እሱን መረጥኩ። በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ጨረስኩት።

ሆርሞኑ በመድኃኒት ሳይስተካከል ቀዶ ጥገና አይሠራም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት ቀናት ሉጎል የሚባል የአዮዲን ጠብታ በውኃ ሰጡኝ። አዮዲን ተከልክዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጠየቅሁ። ብዙ አዮዲን ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ ዕጢውን ያፍነዋል፣ የሚያልፍበትንም ደም ይቀንሳል አሉኝ። ለአጭር ጊዜ ብቻ፣ በሐኪም እጅ ነው የሚደረገው። ቀዶ ጥገና ለሚያደርጉ የምመክረው ይህን ዓይነት ጥያቄ ሁሉ ሳይፈሩ መጠየቅ ነው። «ዶክተር፣ በዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ይሠራሉ?» ብዬም ጠይቄያለሁ። አልተቆጣኝም።

ሲያልቅ ድምፄ ለሳምንታት ሻክሮ ነበር፤ የድምፅ ነርቭ ከዕጢው ጀርባ ነው የሚያልፈው። በማግስቱ ከንፈሬ ዙሪያና የጣቶቼ ጫፍ ይነዝረኝ ጀመር። ካልሲየም ወርዶ ነው፤ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች እዚያው አጠገብ አሉ። ወዲያው ነርሷን ጠራሁ፣ ካልሲየም ተሰጠኝ። ይህን ስሜት ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።

አሁን ዕጢው ስለሌለ ሆርሞኑን በእንክብል እወስዳለሁ። ሌቮታይሮክሲን ይባላል፤ ዕድሜ ልክ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ እውጣለሁ፤ ከቁርስና ከቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ። ካልሲየምና የብረት እንክብል ከእሱ በ4 ሰዓት ይራራቃሉ። መጠኑ ሲቀየር ቲኤስኤች ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይታያል። ክብደቴ ተመልሷል። እጄ ክር ያስገባል። ዓይኔ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ግን አቧራውን ይችለዋል።

በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል። ስለዚህ ታናሽ እህቴ በቅርቡ ልቧ እንደሚመታና እንቅልፍ እንደሌላት ስትነግረኝ ምልክቶቿን ሁሉ በአንድ ወረቀት አስጻፍኳት። የጀመረበትን ወር፣ ክብደቷን፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የቆጠረችውን የልብ ምት። ወረቀቱን ይዘን ሄድን፤ ሐኪሙ አንብቦ ሲጨርስ ቲኤስኤች እና ፍሪ ቲ4 አዘዘ። ውጤቷ ደህና ነው፤ የእሷ የደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ብረት ጀምራለች። ታይሮይዷን በሚመጣው ዓመት እንድታስደግም ቀጠሮ ተሰጥቷታል።